ከድሃው ጋር መሻረክ፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ለዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ከደቡብና ከሰሜን ወሎ የተላኩ አራቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ጭንቀታቸው ግን ተቀራራቢ ነው። ገንዘብና ገበያ ያለው ድርጅት ከመሬቱና ከጉልበቱ በቀር ሌላ ጥሪት የሌለውን ሰው «አብረን እንሥራ፣ አብረን እንጠቀም» ሲለው፣ ነገሩ ለሁለቱም እንደሚበጅ በምን ይታወቃል? ደብዳቤዎቹን ለቦታ ጥበት ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በቃሉ ወረዳ የአንድ ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ። አባሎቻችን ማሾ ያመርታሉ። በቅርቡ አንድ ላኪ ድርጅት መጥቶ የተሻሻለ ዘርና ፀረ ተባይ በዱቤ እንደሚሰጠን፣ ምርቱንም በሙሉ እንደሚረከበን ነገረን። ያቀረበው ውል «ዋጋው በርክክቡ ጊዜ በሚኖረው ገበያ ይወሰናል» ይላል። አባላት ለሁለት ተከፍለዋል። ሽማግሌዎቹ፣ ዓምና አንድ ነጋዴ ከየኩንታሉ ለከረጢቱ አንድ ኪሎ፣ ለአፈርና ለገለባ ደግሞ ሁለት ኪሎ የቆረጠብንን አልረሱም፤ ወጣቶቹ ግን ዘሩን አጥብቀው ይፈልጉታል። ከአባላቱ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለሆኑም ወለድ ያለበትን ነገር አንነካም ብለዋል። እንፈርም ወይስ እንተወው?

መልስ፦ አሁን በተጻፈበት አኳኋን አይፈርሙ፤ ድርጅቱን ግን አያሰናብቱት። ውል ሳይፈረም ይታረማል፤ ከተፈረመ በኋላ ግን ለማረም የሚያስፈልገው ጊዜና ወጪ ከማኅበራችሁ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

ማሾ በሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚደርስ፣ የዝናብ እጥረትን ከብዙ ሰብሎች በተሻለ የሚቋቋም በመሆኑ ለቃሉ ቆላ የተመቸ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በስድስተኛ ምርትነት ከተቀበለው ወዲህም ዋጋው በይፋ የሚነገር ሰብል ሆኗል። ይሁን እንጂ ከጤፍና ከማሽላ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ጤፉ ዋጋ ቢያጣ ገበሬው በጎተራ ያቆየዋል፤ ቢብስም ቤተሰቡን ይመግብበታል። ማሾን ግን አገሩ ብዙም አይበላውም፤ ዋነኞቹ ገዢዎቹ እንደ ሕንድና ኢንዶኔዥያ ያሉ አገሮች ናቸው፤ ቤት ውስጥ ከከረመም ነቀዝ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ገበሬው የሚሸሽበት የለውም። «በርክክቡ ጊዜ በሚኖረው ገበያ» የሚለው ሐረግ አደጋውን በሙሉ በአባላቱ ላይ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የየትኛው ገበያ፣ የየትኛው ቀን፣ የየትኛው ደረጃ ምርት ዋጋ እንደሆነም አይናገርም።

በምትኩ፣ ከዘር በፊት የሚታወቅ ዝቅተኛ ዋጋ በውሉ ውስጥ እንዲገባ ይጠይቁ፤ ገበያው ከዚያ በታች ቢወርድም ድርጅቱ ከዚያ ዋጋ ሳይወርድ ይረከባል። ገበያው ከፍ ካለ ደግሞ መነሻው በርክክቡ ሳምንት በምርት ገበያው የተመዘገበው ዋጋ ሆኖ፣ የመጓጓዣውና የማበጠሪያው ወጪ ብቻ በስሙ ተጠቅሶ ይቀነስለታል። ድርጅቱ «ዝቅተኛ ዋጋ ካስገባሁ ገበያው ሲወጣ ገበሬው ለሌላ ይሸጥብኛል» ማለቱ አይቀርም፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። በብዙ አገር እንዲህ ያለውን ሽርክና ያፈረሰው የድርጅቱ ክፋት ብቻ ሳይሆን፣ ዘሩን ከአንዱ ወስዶ ምርቱን ለሌላ መሸጥም ነው። ስለዚህ አባላት በቅድሚያ የዱቤውን ዋጋ የሚሸፍን ማሾ እንዲያስረክቡ፣ የቀረውን ግን ድርጅቱ ሌላ ገዢ ያቀረበውን ዋጋ ከከፈለ ቀድሞ የመግዛት መብት እንዲኖረው ቢስማሙ ሁለታችሁም ትጠበቃላችሁ። «ምርቱን በሙሉ» የሚለውን ቃል ግን ያውጡት።

የሚዛኑን ነገር ሽማግሌዎቹ ያልረሱት በደህና ምክንያት ነው። ጆንያ ከሆነ ባዶው ወደ አንድ ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ እኛ ማዳበሪያ የምንለው የፕላስቲክ ከረጢት ግን ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ዓምና ምርቱ የተሞላው በማዳበሪያ ከነበረ፣ ለከረጢቱ ከተቆረጠው ኪሎ አብዛኛው በከንቱ የሄደ እህል ነው። ዘንድሮ አሥር ባዶ ከረጢት በአንድነት አስመዝናችሁ ለአሥር አካፍሉና ውጤቱን በውሉ ውስጥ ጻፉት። ርክክቡ በማኅበሩ መጋዘን፣ በንግድ ጽሕፈት ቤት በተረጋገጠ ሚዛን ይሁን። አፈርና ገለባው በግምት አይቆረጥ፤ ከየክምሩ ናሙና ተወስዶ በሁለታችሁ ፊት ይነፋ፣ የወጣውም ይመዘን። ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከመቶ ኪሎ ሦስት ኪሎ ማጣት በብዙ መቶ ኩንታል ሲሰላ፣ ድርጅቱ «ለኅብረተሰቡ አደረግሁት» ብሎ ከሚያወራው ድጋፍ ሊበልጥ ይችላል።

ከርክክቡ በፊት ያሉትን ቀናትም ይመልከቱ። ማሾው ተወቅቶ መጋዘን ከገባ በኋላ መኪናው ቢዘገይ ነቀዙ አይጠብቅም። ማኅበሩ «ምርቱ ተዘጋጅቷል» ብሎ በጽሑፍ ካስታወቀ በኋላ ድርጅቱ በተወሰነ ቀን ካልመጣ፣ ከዚያ ወዲያ የሚደርሰው ጉዳት የእሱ እንዲሆን ይጻፍ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት በዱቤው ዝርዝር ውስጥ ቢካተት ደግሞ ከፀረ ተባዩ ይልቅ ይጠቅማችኋል፤ ነቀዙ የሚሞተው አየር አጥቶ ስለሆነ መድኃኒት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ዝናቡ ቢቀርስ? ያቀረቡልን ውል ስለዚህ ምንም አይልም፤ ዝም ማለቱም የዘሩ ዕዳ በደረቅ ማሳ ላይ እንደሚቀር መናገር ነው። አባቶቻችን ይህን ጥያቄ በየርቢ ከብት ውል ድሮ መልሰውታል። ከብት የሌለው ሰው ከባለ ከብቱ ላም ይወስዳል፣ ያረባል፣ ጥጃውንም በስምምነታቸው መሠረት ይካፈላሉ፤ ላሚቱ በበሽታ ብትሞት ቆዳዋን አሳይቶ ይሰናበታል እንጂ የላም ዕዳ አይሸከምም። ባለ ከብቱ ለአርቢው አዝኖ ያደረገው አይደለም፤ ላም የሌለውን ሰው የላም ዕዳ ማሸከም ሁለተኛ የሚሻረከው ሰው እንደሚያሳጣው ስለሚያውቅ ነው። ከድርጅቱም የምትጠይቁት ይህንኑ ነው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሰብሉ በድርቅ መጥፋቱን ካረጋገጠ፣ የዘሩ ዕዳ ግማሹ ይሰረዝ፣ ግማሹ ያለ ጭማሪ ወደሚቀጥለው ምርት ይተላለፍ። ድርጅቱ ይህን ብቻዬን አልችለውም ካለ፣ የመድን ድርጅትን ሦስተኛ ሸሪክ አድርጎ ማስገባት ይቻላል። ጎረቤታችን ትግራይ፣ አዲ ሓ በሚባል ቀበሌ፣ በ2001 ዓ.ም. ለ200 ቤተሰብ በተጀመረው የጤፍ መድን፣ ካሳው የተመሠረተው የእያንዳንዱ ማሳ እየታየ ሳይሆን በሳተላይት በተለካ የዝናብ መጠን ላይ ነበር፤ ዐረቦኑን በጥሬ ገንዘብ መክፈል የማይችሉ ገበሬዎችም በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ይከፍሉ ነበር። ኦክስፋም አሜሪካ፣ የትግራይ ረድኤት ማኅበር (ማረት)፣ የስዊዘርላንዱ የመድን ኩባንያ ስዊስ ሪ እና ንያላ ኢንሹራንስ በየድርሻቸው የገቡበት ሥራ ሲሆን፣ በኋላም ወደ አማራ ክልል ተሻግሯል።

ስለ ወለዱ ያነሱት ጉዳይ የጎን ጉዳይ አይደለም። በወሎ፣ በወለድ የሚሠራ ሽርክና ገና ሲጀመር ግማሹን ገበሬ በር ላይ ያስቀራል። ሁለት መንገድ አለ። በሙራባሃ አሠራር ድርጅቱ ወይም ባንኩ ዘሩን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉ አስቀድሞ ታውቆ በተቆረጠ ዋጋ በዱቤ ይሸጥላችኋል፤ ክፍያው ቢዘገይም ዋጋው አይጨምርም። በሰለም አሠራር ደግሞ ገዢው የምርቱን ዋጋ በሙሉ አስቀድሞ ይከፍላል፤ መጠኑ፣ ጥራቱና የርክክቡ ቀን ተለይቶ ይጻፋል። ሁለተኛው ገበሬውን ከዱቤም ነፃ ያወጣዋል፤ ሆኖም ገዢው የሚሰጠው ዋጋ ዝቅ ያለ ስለሚሆን በሒሳብ አወዳድሩት። ከወለድ ነፃ የሚሠራው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ እንዲሁም ሒጅራ ባንክና የንግድ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ሲቢኢ ኑር ስላሉ፣ ድርጅቱ እንዲህ ያለውን ነገር አላውቀውም ሊላችሁ አይችልም። የውሉን ቃል ከመፈረማችሁ በፊት ለዑለማዎቻችሁ አሳዩ፤ የግብርና ምርት ውልን የሚመለከት አዋጅ በአገራችን ስለ ወጣም የወረዳውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የሕግ ምክር መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ በወልድያ መምህር ነኝ። «አካታች ንግድ» የሚለውን በየስብሰባው እሰማለሁ። ይህ ዕርዳታ ስሙን ቀይሮ የመጣበት ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው?

መልስ፦ ወሎ በ1966ም በ1977ም ዓ.ም. ረሃብን አይቶ ዕርዳታን በቅርብ የሚያውቅ አገር ስለሆነ ጥርጣሬዎ አይገርመንም። ድሃውን በንግድ ውስጥ የማሳተፉን ሐሳብ በስፋት ያስተዋወቁት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሲ. ኬ. ፕራሃላድ ሲሆኑ፣ መነሻቸውም ትልልቅ ኩባንያዎች ድሃውን እንደ ገዢ ቆጥረው ለአቅሙ የሚሆን ዕቃ ቢያቀርቡለት ሁለቱም ይጠቀማሉ የሚል ነበር። የተቃወሟቸው አኒል ካርናኒ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባልደረባቸው ናቸው፤ ድሃን ከድህነት የሚያወጣው ለእሱ መሸጥ ሳይሆን ከእሱ መግዛትና እሱን ማሠራት ነው አሉ። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን፤ አንድ ሳሙና በትንንሹ ተቆራርጦ መሸጡ ለሻጩ ገበያ እንጂ ለገዢው ገቢ አይሆንም። ከዕርዳታ የሚለየው፣ ትርፍ እስካለ ድረስ ለጋሽ ሳያስፈልገው መቆየቱ ነው፤ ትርፉ ሲያልቅ ግን ከዕርዳታውም ፈጥኖ ይሄዳል። ስለዚህ መሬትም ጉልበትም የሌላቸውን፣ ለምሳሌ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የሚደገፉትን አረጋውያን፣ ለኩባንያ አሳልፎ መስጠት አይገባም። የእነሱ ጉዳይ የመንግሥት ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር ወጣት ነጋዴ ነኝ። የፀሐይ ኃይል መብራት አስመጪዎች ወኪል ሆኜ በደላንታና በተንታ ገጠሮች ልሸጥ አስቤያለሁ። ገበሬው በአንድ ጊዜ መክፈል ስለማይችል በየወሩ በቴሌብር እንዲከፍል፣ ቅሬዎች (እድሮች) ደግሞ ለአባሎቻቸው ዋስ እንዲሆኑ አቅጃለሁ። አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅትም ሊተባበረኝ ፈልጓል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አካሄድዎ በጎረቤት አገር ተሞክሮ ሠርቷል፤ ነገር ግን እዚያ የሠራበት ምክንያት ደላንታ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። የፀሐይ ኃይል መብራት በዱቤ የሚሸጠው ኤም-ኮፓ እ.ኤ.አ. በ2012 በኬንያ ሲጀምር፣ ደንበኛው ጥቂት ቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን በየቀኑ ከ40 እስከ 50 ሽልንግ ገደማ በስልክ፣ በኤም-ፔሳ ይከፍል ነበር፤ ይህም በየዕለቱ ለጋዝ ከሚያወጣው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ሳይከፍል ሲቀር መብራቱ ከሩቅ ይቆለፋል፤ ሲከፍል ይከፈታል። ዕለታዊ ክፍያ ዕለታዊ ገቢ ላለው ሰው ይስማማል። የደላንታ ገበሬ ግን ገንዘብ የሚያገኘው በልግ ሲሰምርለት ክረምት መግቢያ ላይ፣ መኸሩ ደግሞ ከታኅሣሥ በኋላ፣ ወይም በግ ሲሸጥ ነው። የወር ክፍያ ካደረጉበት በሐምሌና በነሐሴ ከደንበኞችዎ ብዙዎቹ ባለ ዕዳ ሆነው ያገኟቸዋል። ክፍያውን በምርት ጊዜ ሁለት ከፍ ያለ፣ በመካከሉ በገበያ ቀን አነስተኛ አድርገው ይከፋፍሉት፤ ይህም ማለት የራስዎ የመንቀሳቀሻ ገንዘብ ለወራት ይታሰራል ማለት ስለሆነ፣ ከአስመጪው ጋር የሚዋዋሉበትን የመክፈያ ጊዜ በዚያው ልክ ያስረዝሙ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ነገር አቅልሏል፤ በገደላ ገደሉ አገር ኔትወርክ የማይደርስባቸው ጎጦች ስላሉ ግን በገበያ ቀን ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው ያስፈልግዎታል።

ቅሬን ዋስ የማድረጉን ሐሳብ ይተዉት። ቅሬ የቀብርና የኀዘን ነው። አንዱ አባል የመብራት ዕዳ ስላልከፈለ የማኅበሩ ገንዘብ ሲነካ፣ ወይም ሬሳ በተነሣበት ቀን «ዕዳ አለበት» ሲባል፣ መብራቱ ይቅርና እርስዎም በዚያ አገር ዳግመኛ አይነግዱም። ቅሬው እንዲያስተዋውቅልዎ፣ መልካም ስም ያላቸውን እንዲጠቁምዎ ይጠይቁ፤ ዋስትናው ግን የተሸጠው ዕቃ ራሱ ይሁን። ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና የሚያዝበት አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ስለ ወጣ ይህ በሕግም የታወቀ መንገድ ነው።

ግብረ ሠናይ ድርጅቱን በተመለከተ፣ በሚሸጡበት ቀበሌ መብራት በነፃ እንዳያድል በጽሑፍ ቃል ያስገቡት፤ ጎረቤቱ በነፃ ያገኘውን ማንም በብር አይገዛም። ገንዘቡን ዋጋ ለመቀነስ ሳይሆን በየቀበሌው አንዲት ሴትና አንድ ወጣት ባትሪ መለወጥና ሽቦ መጠገን እንዲማሩ ያውለው። የተበላሸ መብራት የሚጠግን ከጠፋ ክፍያው በዚያው ይቆማል። ደግሞም በፍጥነት አይስፉ። መቀመጫውን በርሊን ያደረገው ሞቢሶል በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙ ሺህ ቤቶች የፀሐይ ኃይል ካዳረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በሌላ ኩባንያ እጅ ወድቋል፤ በዱቤ የተሸጠ ዕቃ እስኪከፈል ድረስ የሻጩ ዕዳ ነው።

ጥያቄ፦ በሐይቅ ከተማ ዙሪያ ላሞች ያሉን ሴቶች ማኅበር አቋቁመናል። አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ማቀዝቀዣ ሊተክልልንና ወተታችንን በሙሉ ሊገዛን ጠይቆናል። እስከ አሁን የተረፈንን እርጎ አድርገን ለመንደሩ በርካሽ እንሸጥ ነበር። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እርጎውን አትተዉ። ባንግላዴሽ ውስጥ ለድሆች በማበደር የታወቀው ግራሚንና የፈረንሳዩ የወተት ውጤቶች ኩባንያ ዳኖን እ.ኤ.አ. በ2006 ተሻርከው፣ ለድሃ ልጆች በንጥረ ነገር የዳበረ እርጎ ባለ 80 ግራሙን በ5 ታካ (የአገሩ ገንዘብ) ይሸጡ ጀመር፤ ወተቱ የሚመጣው ከአካባቢው አርቢዎች፣ የሚሸጠውም ቤት ለቤት በሚዞሩ ሴቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወተት ዋጋ ሲንር እርጎውን ወደ 8 ታካ አወጡት፤ የገጠሩ ሽያጭ ወዲያው አሽቆለቆለ፣ ሻጮቹ ሴቶችም ሥራውን ጥለው ሄዱ። ያዳናቸው ዕቃውን ወደ 60 ግራም አሳንሰው በ6 ታካ ማቅረባቸውና ከተማ ላይ በተሻለ ዋጋ ሸጠው የገጠሩን መደጎማቸው ነው። ለእናንተም ሁለቱ ገበያ፣ የመንደሩ እርጎና የፋብሪካው ወተት፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲይዛችሁ ያስፈልጋል።

ይህ በተለይ በጾም ወራት ይታያል። በሁዳዴ 55 ቀን ማቀነባበሪያው «ገበያ የለም» ብሎ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ዋጋ ሊሰብር ይችላል፤ ሐይቅ ግን ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ለጎረቤት የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች በዚያ ወቅትም ወተትና እርጎ የሚገዛ አታጡም፤ ረመዷን ላይ ደግሞ ለማፍጠሪያ ፈላጊው ይበዛል። ስለዚህ ከየቀኑ ወተት የተወሰነውን ክፍል፣ ለምሳሌ ሁለት ሦስተኛውን፣ ለማቀነባበሪያው ስጡ፤ በጾም ወራት የሚረከበው ትንሹ መጠንና ዋጋውም በውሉ ይቆረጥ።

ማቀዝቀዣው ስጦታ መስሎ እንዳያታልላችሁ። የእሱ ንብረት ሆኖ በእናንተ ግቢ ከቆመ፣ ዋጋ ባልተስማማችሁበት ቀን ነቅሎ ይሄዳል፤ ወይም «በእኔ ዕቃ ለሌላ አትሸጡም» ይላል። ከየሊትሩ ጥቂት ሳንቲም እየተቆረጠ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የማኅበሩ ንብረት እንዲሆን ጠይቁ። የመብራቱን ወጪ ማን እንደሚችል፣ መብራት ጠፍቶ ወተቱ ቢበላሽ ኪሳራው የማን እንደሆነም አስቀድሞ ይጻፍ። ወተቱ ውኃ ገብቶበታል ተብሎ እንዳይመለስባችሁ ደግሞ ወተት ውኃ እንደገባበት የሚለየውን መለኪያ፣ ላክቶሜትርን፣ የራሳችሁ አድርጋችሁ ግዙ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ከእናንተ መካከል ማንበብ የምትችል አንዲት ልጅ በየጠዋቱ የእያንዳንዷን አባል ወተት ለክታ፣ ቁጥሩን ከሊትሩ ጎን በመዝገብ ትጻፍ፤ የማቀነባበሪያው ተረካቢም ከሥሩ ይፈርምበት።